ጄኔሬተር ያልገባበት ቤት

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆኖኛል። መብራት ሲጠፋ ግን መቱ ውስጥ ሰው አሁንም የሚደውለው ለእኔ ነው። «አስቱ፣ ጠፋ እኮ!» ይሉኛል፤ የእኔ ቤት ሌላ አገር ያለ ይመስል። እኔም እንደ እነሱ የቀዘቀዘ ምድጃ ፊት ቆሜ ነው ስልኩን የማነሳው። «ጡረታ ወጥቻለሁ እኮ» ስላቸው «እሱንማ እናውቃለን፤ መቼ ይመጣል?» ይላሉ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህችን ጥያቄ ስሰማ ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት፣ አስከሬኑ ገና ሳይወጣ፣ አንዲት ሴት እንባዋን እየጠረገች ጠጋ ብላ በጆሮዬ ጠይቃኛለች። አላናደደችኝም ብል እዋሻለሁ።

አሁን ቅዳሜና እሁድ እማራለሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ክፍላችን ውስጥ መምህሩን ጨምሮ በዕድሜ የሚበልጠኝ የለም። የጽሑፍ መምህራችን ስለምናውቀው ሥራ እንድንጽፍ፣ ያጠፋነውንም እንዳንደብቅ ነግረውናል። እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን በደንብ መሥራት እወዳለሁ። ሰው እንዲከፋብኝ አልፈልግም። ይህ ጠባዬ ለትምህርት ይጠቅመኝ ይሆናል፤ መብራት መሥሪያ ቤት ግን ምን እንዳስከተለ እጽፋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ጎሬ ነው። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ስለሆነች ጠዋት ጠዋት ጉሙ ቢሮ ድረስ ይገባ ነበር። ሥራዬ የቆጣሪ ንባብ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው መገልበጥ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይበቃል፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ወደ መቱ ተዛወርኩ። ሲነግሩኝ እድገት ነው አሉኝ። በኋላ እንደገባኝ፣ የብልሽት መቀበያው ስልክ ላይ የነበረው ሰውዬ ሦስት ጊዜ ዝውውር ጠይቆ ተከልክሎ፣ በአራተኛው ወንበሩን ትቶ ሄዶ ነው። እኔ እምቢ እንደማልል አይተው ነው የመረጡኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጥቁር ስልክ፣ ወደ ግቢው የሚያይ አንድ መስኮት። የተቀመጥኩ ዕለት የመስመር ሠራተኞች ፎርማን የሆኑት ጋሼ ደበላ ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ያንኑ የዝናብ ኮት የሚለብሱ ሰው ናቸው።

«ስልክ ስታነሺ መጀመሪያ ምንድን ነው የምትጠይቂው?» አሉኝ።

«ስም?»

«ስሙ ምን ያደርግልሻል? ልትድሪው ነው?» ኮታቸውን ሳያወልቁ ቁጭ አሉ። «‹ጎረቤትዎ አለው ወይ?› ብለሽ ጠይቂ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።»

ይህች አንዲት ጥያቄ ሙያዬ ሆነች። ጎረቤቱ ካለውና እሱ ከሌለው፣ ችግሩ የራሱ ቆጣሪ ወይም የራሱ ሽቦ ነው። በአንድ መንገድ ላይ አንዱ ቤት ኖሮት ቀጣዩ ከሌለው፣ ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ ተበጥሷል። ሠፈሩ ሁሉ ከሌለው የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ነው። ከተማው ሁሉ ከሌለው ደግሞ ከከተማው ውጭ መደወል አለብኝ። በዙሪያችን ካሉት ከተሞች ጎሬ ላይ አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ ኡካ ላይ ገመቹ የሚባል ልብስ ሰፊ፣ ኖፓ ላይ ደግሞ ከስልጤ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተው ሸምሱ ነበሩኝ። ማንም አልቀጠራቸውም። ስደውል «ኢብሳን ጂራ?» እላለሁ፣ መብራት አለ ወይ ማለት ነው። «ኤዬ» ካሉ አለ፤ «ሂን ጂሩ» ካሉ የለም። ጎሬ ኖሮ እኛ ጋ ከሌለ ብልሽቱ እኛው ጋ ነው። ጎሬም ኡካም ኖፓም ከሌለ ነገሩ ከእጃችን ውጭ ነው፤ ያኔ ሠራተኛውን ዝናብ ውስጥ በከንቱ አናንከራትተውም። ሸምሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ያለ ነገር መልሶልኝ አያውቅም።

«አስቴር፣ ስሚኝማ፤ መብራቱ እኮ የሚጠፋው አንቺ ስትደውዪ ነው። ለአንድ ሳምንት አትደውዪልኝና እንየው!»

ጋሼ ደበላ ከዝናብ በኋላ መስመሩን በእግራቸው ነው የሚከተሉት። መኪናው ከኋላ ይመጣል፤ ሹፌሩ ሲቆጣ ይሰማል፤ እሳቸው ግን አይሰሙትም። አዲስ ሠራተኛ አንገቱን አንጋጦ ሽቦ ሽቦውን ሲያይ «ሽቦውን ተወውና ቅጠሉን እይ» ይሉታል። በእኛ አገር ዛፉ ከሰው በፍጥነት ያድጋል። ቅርንጫፍ ሽቦ ሲነካ የቅጠሉ ጫፍ ይጠቁራል፤ እሳቸው ያንን ከሩቅ ለይተው ያውቁታል። ምሰሶ ሥር የሞተ ጉሬዛ ካገኙ ደግሞ ከዚያ ወዲያ አይፈልጉም፤ ቀና ብለው ምሰሶው ላይ ሽቦው የሚታሰርበትን የተሰበረ ሲኒ ያሳያሉ።

ከሁሉም የማልረሳው መስመሩን መልሰው ከማገናኘታቸው በፊት የሚያደርጉት ነው። ማንም ምሰሶ ላይ እንዳልቀረ ለማወቅ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስም ጮክ ብለው ይጠራሉ። አጠገባቸው የቆመውን ጭምር። አንድ ቀን አብሬ ሄጄ ሳለ አበራ የሚባለው ሠራተኛ ከእሳቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ሲስቅ አየሁት።

«አበራ!» አሉ።

«ጋሼ፣ እያዩኝ እኮ ነው!»

«አበራ!»

«አቤት።»

«እንደሱ በል። ማየትማ ሰው የፈለገውን ያያል።»

ለእኔ የሰጡኝ ትእዛዝ ግን ሌላ ነበር፤ ሰዓት አትስጪ። «ለምን እንደጠፋ ንገሪ፣ ማን እንደሄደ ንገሪ፣ የት እንደደረስን ንገሪ። ሰዓት ግን አትስጪ። አንዴ ከሰጠሽው ሰውዬው በዚያች ሰዓት ቤቱን ያስተዳድርባታል። ሊጡን በእሷ ያቦካል፣ ሥጋውን በእሷ ያሳድራል። እኔ ደግሞ ምሰሶ ላይ ሆኜ የአንቺን ሰዓት አላውቃትም።»

«ሰዎቹ ግን ይቆጣሉ፣ ጋሼ።»

«ይቆጡ። ተቆጥቶ የሞተ የለም።»

ለእሳቸው ቀላል ነው። የሚሰደበው ስልኩ አጠገብ ያለው ነው። «እዚያ ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ያለኝን ሰው ብቆጥር ቁጥሩ የከተማውን ሕዝብ ያክላል። አንዱ «ሰዓቱን ካላወቅሽው እኔ መጥቼ ልቀመጥ» ብሎኛል። አንዲት ሴት ስልኩን ለሕፃን ልጇ ሰጥታ አስለቅሳብኛለች።

አለቆችስ? ሰባት ሥራ አስኪያጅ አሳልፌያለሁ። ሰባቱም በመጡ በሳምንታቸው ስብሰባ ጠርተው መቆራረጥ ታሪክ ይሆናል ብለዋል። በዝናብ ወራት የመጡት የቅርንጫፍ ቆረጣውን በበጋ እናደርገዋለን፣ በበጋ የመጡት ደግሞ በጀቱ ሲለቀቅ እናደርገዋለን ብለዋል። አራተኛው አቶ መስፍን ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሱሪያቸው ተተኩሶ፣ ንግግራቸው ተለክቶ የሚመጡ ሰው ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ደንበኛ ተስፋ ሲቆርጥ ማየት ነው።

በእሳቸው ዘመን አንድ ቆጣሪ አንባቢያችን ቤቱ ትንሽ ጄኔሬተር ገዝቶ አስገባ። እንግዲህ መቱ እንዲህ ናት፦ የመብራት ሠራተኛ ቤት ምን እንደገባ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያል። የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ የሚያምን የለም፤ የሠራተኛው ግቢ ግን ይታመናል። በማግስቱ ቢሮው በሰው ተጨናነቀ። «የምታውቁት ነገር አለ! የራሳችሁ ሰው ከገዛ ሊጠፋ ነው ማለት ነው፤ ለምን አትነግሩንም?» አሉ። አንድ ሽማግሌ ቆጣሪ አንባቢው ስንት ሊትር ቤንዚን እንደገዛ ሳይቀር ያውቁ ነበር፤ ከዚያ ተነስተው መብራቱ ለስንት ወር እንደሚጠፋ አስልተዋል።

አቶ መስፍን ሰበሰቡን። ትእዛዙ በጽሑፍ አልነበረም፤ በቃል ነው። «የእኛ ሠራተኛ ቤቱ ጄኔሬተር አያስገባም። እኛ ራሳችን ካልታገስን ማን ይታገሣል?» አሉ። ጋሼ ደበላ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ኮታቸውን እየቆለፉ «ታግሠን ምን ሊመጣ ነው፣ ጌታዬ?» አሉ። ቆጣሪ አንባቢው ጄኔሬተሩን ሸጠ። እኔ ትእዛዙን ከሁሉም በላይ ጠበቅኩ። አቶ መስፍን ተዛውረው ከሄዱ በኋላም፣ ማንም ሳይቆጣጠረኝ፣ በሻማ ቀጠልኩ። አሁን ሳስበው ያበሽቀኛል።

እትዬ ጫልቱ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት ጫጩት እያስፈለፈሉ በመሸጥ ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ አናጺ ከኮምፔንሳቶ የሠራላቸው ሣጥን አለ። ውስጡ አምፖሎች በርተው እንቁላሉን ያሞቃሉ፤ ሙቀቱ ሲበዛ አምፖሎቹን የሚያጠፋ፣ ሲቀንስ የሚያበራ አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያም አለው። ጫጩት ሃያ አንድ ቀን ይፈልጋል። እንግዶቻቸው ወንበር አጥተው ሲቆሙ እንኳ ሣጥኑ ከቦታው አይነሳም።

አንድ ግንቦት፣ ዝናቡ ሲጀማምር፣ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ።

«አስቱ፣ ጄኔሬተር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?»

«ምነው እትዬ?»

«ጊደሬን ልሸጣት ነዋ። ሸጬያት መብራቱ ቢስተካከል ብረቱን ታቅፌ ልቀር ነው። ሳልሸጣት ቀርቼ ባይስተካከል ደግሞ እንቁላሉን ታቅፌ ልቀር ነው፣ እንደ ዶሮ።» ሳቁና ወደ ግቢዬ አንጋጠው አዩ። «አንቺ ግን አልገዛሽም።»

«አልገዛሁም።»

«መብራት ቤት እየሠራሽ ካልገዛሽ፣ ምን አቅብጦኝ ነው እኔ የምገዛው? አይደል?»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። «የማልገዛው መብራቱ ስለሚሻሻል አይደለም፤ አለቃ ስለከለከለኝ ነው» ማለት ብቻ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እትዬ ጫልቱ ለጊደሯ ሲሉ የምሥራች እየጠበቁ ነው፤ ፊታቸው ላይ ይታየኛል። እኔ ደግሞ ሰው ደስ ሲለው ደስ ይለኛል። «ምሰሶ እየቀየሩ ነው እትዬ፤ ይሻሻላል» አልኩ። ምሰሶ መቀየራቸው እውነት ነው። ስምንት ምሰሶ ተቀይሯል። ስንት የበሰበሰ እንደቀረ ግን አልነገርኳቸውም።

ጊደሯ ሳትሸጥ ቀረች።

በዚያው ክረምት፣ እትዬ ጫልቱ ከዚያ በፊት አስገብተው የማያውቁትን ያህል እንቁላል ሣጥኑ ውስጥ አስገቡ። ጫጩቶቹን ኖፓ ላሉ ሴቶች ሊያደርሱ ቃል ገብተው ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ ሳያባራ መብራቱ ጠፋ።

ስልኮቼን ደወልኩ። ጎሬ አለ። ኡካም አለ። ኖፓ የለም፤ ሸምሱ «ደወልሽ፣ ጠፋ» አለኝ። ወደ ኖፓ በሚሄደው መስመር ላይ ነው ማለት ነው። ጋሼ ደበላና ሠራተኞቻቸው ወጥተዋል፤ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ገብተዋል። እንደዚህ ዓይነት ብልሽት ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ በሁለት ሰዓት ተጠግኖ አይቻለሁ።

ስልኩ ጮኸ።

«አስቱ፣ እኔ ነኝ፤ ጫልቱ። መቼ ይመጣል?»

«ወጥተዋል፣ እትዬ። ጋሼ ደበላ ራሳቸው ሄደዋል።»

«እሱን ተይው፤ ሰዓቱን ንገሪኝ። ሁለት ሰዓት ከሆነ ሣጥኑን ባልከፍተው ይሻላል፤ ከከፈትኩት ያለው ሙቀት ይወጣብኛል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አሁኑኑ ውሃ አፍልቼ በጀሪካን ማስገባት፣ ብርድ ልብስ መደረብ አለብኝ። የቀረውን እንቁላል የጎረቤት ዶሮ ሁሉ ለምኜ አስታቅፋለሁ። ከዚህ በፊት ሁለቴ አድርጌዋለሁ፤ ያውቁኛል። ንገሪኝና ልወስን።»

ነገሩን ይህን ያህል ግልጽ አድርገው ነው የጠየቁኝ። እንደ ሌላው ሰው ዝም ብለው አልጨቀጨቁኝም። የመልሱ ጥቅም ምን እንደሆነ አስረድተውኛል። «አላውቅም» ብላቸው ኖሮ ወዲያው እሳት ያነዱ ነበር።

«እስከ አምስት ሰዓት ይመጣል» አልኩ።

«ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመስግነው ዘጉት።

አምስት ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አበራ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መልእክት ይዞ መጣ። አንድ ትልቅ ዛፍ ሦስት ምሰሶ ይዞ ወድቋል፤ ወንዙ ሞልቶ መኪናው ወዲያ ማዶ መሻገር አልቻለም፤ ምሰሶ በሰው ትከሻ ሊሄድ ነው። ዛሬ አይሆንም።

አሁን ስልኩን አንስቼ መደወል የእኔ ፈንታ ነበር። እጄን ስልኩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ምን እላቸዋለሁ? ተሳሳትኩ? ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው የጠበቁት በእኔ ቃል ነው። ስንቱን ሳሰላስል ስልኩ ከእጄ ሥር ጮኸ። እሳቸው ናቸው።

«አስቱ፣ አምስት ሰዓት እኮ አለፈ። ውሃውን ልጣደው?»

«እየመጣ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አስቤበታለሁ፤ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። ልክ እንደሆንኩ ለአንድ ሰዓት ያህል ተጨማሪ እንዲያምኑልኝ ፈልጌ ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ይደውላሉ ብዬ ስጠብቅ አልደወሉም። መብራቱ የመጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው።

በዚያው ማግስት ጠዋት፣ መብራቱ ገና ሳይመጣ፣ አጥሩ ጋ ሄድኩ። እትዬ ጫልቱ ግቢያቸው ጥግ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነበር። ባልዲው በእንቁላል ሞልቷል። አንዳንዱ ከውስጥ በጫጩቱ አፍ ተሰንጥቆ ነበር፤ አንዲት ቀን ነበር የቀረው። አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። «ዝናቡ አንቺንም አላስተኛሽም መሰለኝ» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በስድብ ለምጃለሁ።

ነገሩን ለጋሼ ደበላ ነገርኳቸው። ከሁለት ቀን ሥራ በኋላ እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠው ነበር።

«የመጀመሪያው ስልክ ስሕተት ነው» አሉ። «ሁላችንም እንሳሳታለን፤ እኔም የተሳሳተ ሽቦ ነክቼ አውቃለሁ። ሁለተኛው ግን ስሕተት አይደለም። ሁለተኛውን አውቀሽ ነው።»

ከዚያ ፎጣውን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝና አቀበልኳቸው።

እትዬ ጫልቱ ማስፈልፈል ተዉ። ሣጥኑ ሳሎናቸው ውስጥ ቀረ፤ ሽንኩርት ያስቀምጡበት ጀመር። በየሄድኩበት ቁጥር አየዋለሁ። ስለ እንቁላሉ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ የመብራትንም ሰዓት ዳግመኛ ጠይቀውኝ አያውቁም። በከተማው ውስጥ መቼ ይመጣል የማይለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰዓት አልሰጠሁም። «ይቺ ሴትዮ ምንም አታውቅም» ተብዬ ለሥራ አስኪያጅ ሦስት ጊዜ ተከስሻለሁ።

ጡረታዬ ደረሰና መሥሪያ ቤቱ ሸኘኝ። ሰባተኛው ሥራ አስኪያጅ ወጣት ናቸው፤ የአቶ መስፍንን ትእዛዝ ሰምተውት አያውቁም። ንግግር አደረጉ፣ አጨበጨቡ፣ ከዚያ በባለ አበባ ወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ሁለት ሰዎች ተሸክመው አመጡ። ወረቀቱን ቀደድኩት። ጄኔሬተር ነው።

«እንግዲህ እማማ አስቴር በጨለማ እንዳይቀመጡ ብለን ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው።

ሃያ ስምንት ዓመት! አዳራሹ ውስጥ ልጩህ ወይስ ልሳቅ ጨነቀኝ። እንደ ልማዴ አመሰገንኩ።

ጄኔሬተሩ በባጃጅ ላይ ሆኖ ከመብራት መሥሪያ ቤት በር ተነሥቶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ እኔ ቤት ገባ። ያላየ የለም። ገና ሻይ ሳልጠጣ ሦስት ጎረቤት መጣ። «በቃ ተስፋ የለውም ማለት ነው?» አለ አንዱ። «መቼ ነው የነገሩሽ?» አለ ሌላው። ስጦታ ነው ብል የሚሰማኝ የለም። በሳምንቱ ውስጥ ሠፈራችን ውስጥ ሁለት ሰዎች ገዝተው አስገቡ፤ የአንደኛው ቤት ሁለት አምፖልና አንድ ሬዲዮ ብቻ ነው ያለው። ሲጠይቀኝ በቅንነት ነግሬው ነበር፦ «መብራት ሲጠፋ ቤትህ ውስጥ መጠበቅ የማይችለው ነገር ምንድን ነው? ከሌለህ በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ ይበቃሃል፤ ይሄ ቤንዚን ይበላል፣ ይጮሃል፣ ወረፋ ያስቆምሃል።» «አንቺ ግን አስገብተሻል» ብሎኝ ሄደ።

እሱን የጠየቅሁትን ጥያቄ በኋላ ራሴን ጠየቅሁ። እኔ ቤት መጠበቅ የማይችል ምን አለ? ምንም። ፍሪጄ ውስጥ ያለው ግማሽ ሎሚ ነው። አጥሩን ተሻግሬ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ሽንኩርቱን አውጡት» አልኩ።

ገባቸው። ብዙ ጊዜ ሣጥኑን አዩት። «ስጦታሽን አልወስድም» አሉ።

«ስጦታ አይደለም። እኔ ግቢ ይቆማል፤ ሽቦው በአጥሩ ወደ እርስዎ ይመጣል። ቤንዚኑን እርስዎ ይችላሉ፤ ጩኸቱን እኔ እችላለሁ።»

«ጩኸቱን እንኳ ትችያለሽ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ቀጠሉ፦ «ያን ግንቦት ለምን እንዳልገዛሽ አሁን ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው፤ የአለቃውን ክልከላ፣ የበሰበሱትን ምሰሶዎች፣ አበራ ያመጣውን መልእክትና ሁለተኛውን ስልክ ሳይቀር። ሲሰሙኝ እጃቸው ሽንኩርቱን ወደ ቅርጫት ያወጣ ነበር። ስጨርስ «ይሄን ለመናገር ጡረታ መውጣት ነበረብሽ?» አሉኝ። ቅርጫቱን ያዝኩላቸው።

ጋሼ ደበላን ጠራናቸው። አርጅተዋል፤ ኮቱ ግን ያው ነው። ኃይል ከመስመሩም ከጄኔሬተሩም በአንድ ጊዜ እንዳይገባ የሚያደርገውን ማብሪያ ማጥፊያ በእጃቸው ገጠሙ፤ «ያለዚህ ብታበሩት ምሰሶ ላይ ያለ የሰው ልጅ ትገድላላችሁ» እያሉ ደጋግመው ነገሩን። ሥራው ሲያልቅ ከማብራታቸው በፊት ቀና አሉ።

«ጫልቱ!»

«አቤት» አሉ እትዬ ጫልቱ፣ አጠገባቸው ቆመው፣ ግራ እየተጋቡ።

«አስቴር!»

«አቤት።»

ከዚያ አበሩት።

እንቁላሉ ከገባ ዛሬ አሥራ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ይህን ጽሑፍ እያገባደድኩ ሳለ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ መብራቱ ጠፋ። ሸምሱ ጋ ደወልኩ፤ ጡረታ ብወጣም እሱ ጡረታ አላወጣኝም። ኖፓም የለም። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ጫልቱ ናቸው፤ አጥሩ ላይ መጥራት ሲችሉ ደወሉልኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁኝ።

«አስቱ፣ መቼ ይመጣል?»

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኩ።

«ጎሽ» አሉና ዘጉት። ወዲያው የግቢዬ በር ተከፈተ፤ የጄኔሬተሩን ገመድ ሲስቡት ሰማሁ። በሦስተኛው ተነሣ። ጩኸቱ አያስጽፍም፤ እዚህ ላይ ላቁም።